ዴንተን የገዛው ዓይነት

ቨርና ኦስትቦ የኬርሚትን የጠመንጃ ሱቅ በር ገፍታ ስትገባ፣ ባሏን ከቀበረች ሁለት ወር ከአሥር ቀን ሆኗት ነበር። ኬርሚት ከባንኮው ጀርባ ቆሞ አንድ አሮጌ አፈሙዝ በዘይት ጨርቅ ይወለውላል። ቀና ብሎ ሲያያት ፊቱን በሐዘን አኮማተረ።

«የአርሎን ጠመንጃ ልትሸጪ ነው የመጣሽ?»

«ልገዛ ነው» አለች። «ለኤልክ። ከሩቅ የሚመታ።»

ኬርሚት ጨርቁን አስቀመጠ። በዚያች የሞንታና ከተማ ኤልክ የሚሉትን፣ ፈረስ የሚያክለውን ባለቅርንጫፍ ቀንድ አጋዘን ለማደን የማይወጣ ሰው አያውቅም። ሰባኪው እንኳ ይወጣል። ቨርናም ከአርሎ ጎን ሠላሳ ዓመት አድናለች። ግን ከሁለት መቶ ያርድ በላይ የተኮሰችበት ቀን ትዝ አይለውም። ከዚያ ርቆ መተኮስን አርሎ «በፖስታ መግደል ነው» ይል ነበር።

ነጋዴ ነውና ሦስት ጠመንጃ አውርዶ ባንኮው ላይ ደረደረላት።

«ይቺኛዋ አፈሙዟ ረጅም፣ ክብደቷ የበሬ ነው። ተኝተሽ ስትተኩሺባት እንደ ቋጥኝ ትረጋለች። ተራራ ላይ ይዘሻት ከወጣሽ ግን ኤልኩን ሳይሆን አንቺን ነው የምትገድለው። ይቺ ደግሞ ላባ ናት። ቀኑን ሙሉ ብትሸከሚያት ትረሻታለሽ፣ ስትተኩሺ ግን እሷ አትረሳሽም። ትከሻሽን ትገነጥለዋለች።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ከአርሎ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኝቻለሁ። ሲገላበጥ ከዚህ የባሰ ይገፈትረኝ ነበር።»

ኬርሚት ሳይወድ ሳቀ። «መሃለኛዋን ውሰጂ እንግዲህ። ሰባት ሚሊሜትር ማግነም ናት። ጥይቷ ስምንት መቶ ያርድ ከተጓዘች በኋላም የኤልክ ትከሻ ለመስበር ጉልበት ይተርፋታል። መነጽሯ ከአምስት እስከ ሃያ አምስት እጥፍ ያቀርባል፣ በዚህ ቀለበት ነው የሚዞረው።»

ቨርና ሰደፏን ትከሻዋ ላይ አስደግፋ ለካቻት። ከዚያ ዓይኗን ከመነጽሩ ሳታነሳ፣ «ዴንተን ሆልም የገዛው የትኛውን ነው?» አለች።

ኬርሚት ጨርቁን መልሶ አነሳ።

«ጠየቅኩህ እኮ።»

«የያዝሻትን» አለ ኬርሚት። «ዴንተንን እያሰብሽ ከሆነ ግን ስሚኝ ቨርና፣ አልሸጥልሽም።»

«ሰው ልገድል ብፈልግ ወጥ ቤቴ ቢላዋ ሞልቶታል፣ ዴንተንም ከእኔ ሦስተኛው ቤት ነው የሚኖረው። ሰባት መቶ ያርድ ምን ያስኬደኛል?»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«እሱ ያየውን ማየት።»

ነገሩን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ባለፈው ጥቅምት አርሎ ሳንባው አልቆ ሐኪሙ የበረዶውን ወራት አያልፍም ብሎ ነበር። ያም ሆኖ የመጨረሻውን አደኑን ወጣ። አንድ ትልቅ ኮርማ ኤልክ ሜዳ ላይ ሲግጥ አይቶ በበረዶው ውስጥ በሆዱ ተሳበ፣ በየአሥር ክንዱ ትንፋሹን እየለቀመ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ። ጠመንጃውን ሲያነሳ ሰባት መቶ ያርድ ከሚርቀው ከማዶው ሸንተረር አንድ ጥይት ጮኸ፣ ኮርማው ወደቀ። የተኮሰው ዴንተን ሆልም ነበር። በዚያ አገር ልማድ ኤልኩ መጀመሪያ ገዳይ ጥይት ላሳረፈበት ሰው ነው፣ ማንም አይከራከርም። አርሎም አልተከራከረም። እንዲያውም ተነስቶ ሄዶ፣ ዴንተን ሆዱን ሲቀድ የኮርማውን እግር ያዘለት፣ ያም ልማድ ነውና።

«አላየሁትም» አለ ዴንተን ለጠየቀው ሁሉ። «መነጽሩ ጠባብ ነው። በገለባ ቀዳዳ እንደማየት ነው።» በሳምንቱ አንድ ከረጢት ቋሊማ በረንዳዋ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ቨርና ለጎረቤት ውሾች ሰጠችው።

የዴንተን አባት ሃርላን ሆልም የአርሎ የልጅነት ጓደኛ ነበር። በቀብሩ ቀን የቨርናን እጅ ይዞ «ልጄ አላየሁም ካለ አላየም፣ ቨርና። እኔ ነኝ ያሳደግኩት» አላት። ሃርላን ካለ አለቀ፤ ከተማው ወሬውን ዘጋው። የእሷ ጥያቄ ግን አልተዘጋም። አዳኝ ሁሉ በሕግ የሚያደርገው ብርቱካንማ ኮፍያና ሰደርያ ከነጭ በረዶ ላይ እንዴት አይታይም?

ሰኔ ላይ ኬርሚት ከከተማው ውጭ ወዳለው የጠጠር ማውጫ ወሰዳት። ሰባት መቶ ያርድ ራቅ ብሎ ከኮረብታው ግርጌ ድስት የሚያክል የብረት ሰሌዳ ሰቅሏል። ቨርና በሆዷ ተኛች፣ የመነጽሩን ቀለበት እስከ መጨረሻው ሃያ አምስት ላይ አዞረችና ሰሌዳውን ፈለገች። ሣር አየች፣ ድንጋይ አየች፣ ሰማይ አየች። እንደገና ሣር። ሩብ ሰዓት አለፈ። አንገቷ ደነዘዘ።

«ሰርቀውታል እንዴ?» አለች ተናዳ።

ኬርሚት ሳቀባት። «ከሃያ አምስት ጀምሮ ማንም ምንም አያገኝም፣ እመቤቴ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወደ አምስት መልሺው። አገሩን በሰፊው እዪ፣ ዕቃሽን አግኚ፣ ከዚያ አስጠጊው።»

ቀለበቱን መለሰችው። ኮረብታው በሙሉ መነጽሩ ውስጥ ገባ፤ ሰሌዳው መሃል ላይ፣ ከእሱ በስተቀኝ መቶ ሃምሳ ያርድ ያህል ደግሞ ኬርሚት ሰሌዳውን ሲሰቅል አጥር ላይ የረሳው ብርቱካንማ ሰደርያ እንደ ፍም እየነደደ።

«አገኘሽው?» አላት።

ቨርና የምታየው ሰደርያውን ነበር። ዓይኗ ከመነጽሩ አልተነሳም።

«አገኘሁት» አለች።

ዴንተን አርሎን ማየቱን አሁን አውቃለች፤ ለማንም ግን አልተናገረችም። ብትናገር ሐዘን ያናወጣት መበለት ይሏታል፤ ሃርላንም ያው ያንኑ ይደግማል። ይህን ከዴንተን አፍ እንጂ ከእሷ አፍ አይቀበልም። እሷም የምትፈልገው ያን ብቻ ነበር። ከዚያ ጀምሮ ሦስት ወር ሙሉ ተኮሰች። ነፋሱን ከሣሩ ማንበብ ተማረች፣ ርቀቱን ለክታ በመነጽሩ አናት ያለውን የከፍታ መቁጠሪያ ማዞር ተማረች፣ ትከሻዋ ጠቁሮ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ድኖ እንደገና ጠቆረ። መስከረም ሲገባ ከአሥር ጥይት ዘጠኙ ብረቱን ያስጮኹት ነበር።

ጥቅምት ላይ የአደን ወቅቱ በተከፈተ በሁለተኛው ቀን፣ እሁድ ጠዋት፣ የሆልሞችን መኪና ከጅረቱ በላይ መንገድ ዳር ቆሞ አየችው። የራሷን ፒክአፕ ከኋላው አቁማ በሌላኛው ሸንተረር ወጣች። ፀሐይ በረዶውን ስትነካ ጫፉ ላይ ተኝታ ነበር።

ከታች በሜዳው ላይ አንድ ኮርማ ኤልክ በረዶውን በኮቴው እየጫረ ይግጣል። ርቀቱን ለካች፤ ስድስት መቶ ዘጠና። ነፋስ የለም ማለት ይቻላል። መቁጠሪያውን አዞረች፣ ቀለበቱን አምስት ላይ አድርጋ ዓይኗን አስጠጋች።

ኮርማው መሃል ላይ ቆሟል። በስተቀኙ፣ ከጥይቷ መስመር ርቆ፣ አንድ ብርቱካንማ ኮፍያ በበረዶው ውስጥ ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል።

ዴንተን ነው ብላ አሰበች። አልነበረም። የሚሳበው ሰው የግራ እግሩን እንደ ተሰበረ ቅርንጫፍ ከኋላው ይጎትታል። ሃርላን ነው፣ ከነበሽተኛ ዳሌው። ዴንተን ከላይ ከዛፎቹ ጥግ ተቀምጦ በአቅርቦ ማያ አባቱን ይጠብቃል። ኮርማውን ለአባቱ ለቀቀለት ማለት ነው።

ቨርና ጣቷን ከቃታው አነሳች። ሃርላን ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው። ከዚህ በኋላ እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ይሳባል ብሎ ማንም አያስብም። አርሎ በሞተበት ሌሊት ቡና ይዞ የመጣው እሱ ነበር። ሃርላን ቆመ፣ ፊቱን በረዶው ላይ ደፍቶ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ እንደገና ተሳበ። ከኮርማው ሁለት መቶ ያርድ ቀርቶታል። ጠመንጃውን ወደ ፊት አወጣ።

ቨርና ቀለበቱን አዞረች። ኮርማው እየቀረበ፣ እየሰፋ መጣ፤ ኮፍያው ከመነጽሩ ጠርዝ ወጣ። እንዲህ በቀላሉ መውጣቱ ገረማት።

ቃታውን ሳበች።

ወርዳ እስክትደርስ አርባ ደቂቃ ፈጀባት። ኮርማው ስድስት እርምጃ ሄዶ ወድቋል። ዴንተን አጠገቡ ቆሟል፣ ፊቱ በቁጣ ደም መስሏል። ሃርላን ጠመንጃውን ተመርኩዞ ከኋላ እያነከሰ ይመጣል።

«ወይዘሮ ኦስትቦ!» አለ ዴንተን። «እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«አባዬ እኮ ሁለት ሰዓት ተሳበ! ጣቱ ቃታ ላይ ነበር!»

«አላየሁትም» አለች ቨርና። ኤልኩ የማን እንደሆነ የሚያሳየውን የአደን ፈቃድ ወረቀቷን ከኪሷ አውጥታ ቀንዱ ላይ ማሰር ጀመረች። «መነጽሩ ጠባብ ነው። በገለባ ቀዳዳ እንደማየት ነው።»

ዴንተን ጠመንጃዋን አየ። አወቃት፣ የእሱ ዓይነት ናት። አክብሮቱም ከአፉ ጠፋ።

«ለማን ነው የምትዋሺው? ይቺን መነጽር እኔም አለችኝ! ሃያ አምስት ላይ አድርገሽ ኮርማውን ከየት ታገኚዋለሽ? መጀመሪያ አምስት ላይ ነው የሚፈለገው፣ ሕፃን ያውቀዋል! አምስት ላይ ደግሞ ሜዳው ሁሉ ይታያል፣ ኮፍያው ይታያል! ዓይን ያለው ሰው ሳያየው…»

ቃሉ እዚያ ላይ ተቆረጠ።

ሃርላን ከኋላው ቆሞ ነበር። ሰደርያው ከደረቱ እስከ ጉልበቱ ርሷል። ልጁን እንደማያውቀው ሰው ረዘም አድርጎ አየው።

«ጨርሰው» አለ።

«አባዬ…»

«ዓይን ያለው ሰው ሳያየው ምን?»

ዴንተን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ሃርላን ሌላ አልጠየቀውም። ወደ ቨርና ዞረ።

«አይተሽኝ ነበር?»

«አይቼሃለሁ።»

«እኔ መሆኔንም?»

«ዳሌህን አውቄዋለሁ።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። «ለአርሎ ብለሽ ነው።»

«አርሎ አያደርገውም ነበር» አለች ቨርና። «ይሄ የእኔ ነው።»

ሃርላን ኮርማውን አየ፣ ቀንዱን በመዳፉ አንድ ጊዜ ነካው። ከዚያ ለልጁ፣ «ቢላህን አውጣ» አለው። «አንተ ነህ የምትቀደው፣ አንተ ነህ የምትሸከመው። እስከ መኪናዋ።» ይህን ብሎ እያነከሰ ሜዳውን ወረደ። ቨርናን ደህና ሁኚ አላላትም፤ እሷም አልጠበቀችውም።

ቨርና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ዴንተን ሲቀድ እግሩን አልያዘችለትም። አራቱን ብልት አንድ በአንድ ጀርባው ላይ ተሸክሞ አቀበቱን ሲወጣ፣ ሲመለስ፣ እንደገና ሲወጣ አየችው። ሦስተኛው ላይ ጉልበቱ ከድቶት ተንበረከከ። ጠበቀችው እንጂ አላገዘችውም። በመጨረሻው ጉዞ ጠመንጃዋን ብቻ ይዛ ከኋላው ወጣች።

መንገዱ ዳር የቆመው የእሷ መኪና ብቻ ነበር። ሃርላን የልጁን መኪና ነድቶ ሄዷል። ዴንተን ባዶውን ቦታ አየ፣ እስከ ክርኑ ደም ነው፣ ስልኩ እዚያ አይሠራም። ከተማው ሃያ ማይል ይርቃል።

«ይወስዱኛል?» አለ፣ ዓይኑን ሳያነሳ።

«ጋቢናው ይበላሽብኛል» አለች ቨርና። «ከኋላ ከሥጋው ጋር ውጣ።»

ወጣ። ሞተሩን አስነሳች። እሁድ ከሰዓት በኋላ ከተማው በሙሉ ዋናው መንገድ ላይ ነው፤ ምግብ ቤቱ ደጃፍ፣ የኬርሚት ሱቅ በረንዳ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር። ሰው ሁሉ ኮርማውን ማን እንደገደለው፣ ከኋላ የተቀመጠውም ማን እንደሆነ ለማየት ይዞራል። የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ብቅ ሲሉ ቨርና እግሯን ከነዳጁ አነሳች፣ መስኮቱን ዝቅ አደረገች፣ ቀስ ብላም ነዳች።