ቄስ ሃይለ ሚካኤል የፈረሙት ቃል

አልጣሽ ፍኖተ ሰላም የደረሰችው በቆሎ የጫነ አይሱዙ ላይ፣ ከጆንያው መሀል ተቀምጣ ነው። ጥር 1998 ነበር፣ የሠርጉ ወር። እየጠየቀች ዐቃቤ ሕጓ ትሕትና ቢሮ ገባችና አቧራዋን ሳታራግፍ ተናገረች።

"አስተማሪያችን ሕግ አለ ብሎናል። አባቴ ለዲያቆን ሊድሩኝ ነው። ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ነኝ።"

ልጅቱን የሚያስጠልል ቦታ ስላልነበረ ትሕትና ወደ ተከራየችው ቤት ወሰደቻት። አራት ቀን አብረው ሰነበቱ። አልጣሽ ደብተር ስላልያዘች በተበላሸ የክስ ቅጽ ጀርባ ላይ ሒሳብ ትሠራለች፤ ስትሳሳት ደግሞ ከት ብላ ትስቃለች። ትሕትና ወደዚያ ከተማ ከተመደበች ወዲህ በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ሳቅ ተሰምቶ አያውቅም።

በአምስተኛው ቀን አባትየው ቄስ ሃይለ ሚካኤል ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ከቡሬ ገጠር መጡ። ትሕትና የጠበቀችው ቁጡ ሰው ነበር። የመጡት ግን ድምፃቸው እንኳ በቅጡ የማይሰማ፣ የደከሙ ሰው ናቸው። ተነሥታ መስቀላቸውን ተሳለመች።

"ልጄ፣ ዲያቆኑ ቅስና ሊቀበል ነው፤ ድንግል ማግባት አለበት። እኔስ እናቷን ያገባሁ እንዲሁ አይደል? ለክፉ የሰጠኋት መሰለሽ?"

"አባ፣ ሕጉ ይከለክላል። ያሳስርዎታል።"

"ከከለከለ ይቅር።"

ዐሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላት ላይድሯት ቃል ገብተው ፈረሙ። የቢሮው ኃላፊ ወንዳወቅ ወረቀቱን አየት አደረገና "ቄስ አስረን ከአገሬው ልንጣላ ነው? ልጅቱን ስጫቸው" አለ።

አልጣሽ የትሕትናን ክንድ ይዛ አልለቅም አለች።

"እትዬ፣ ይድሩኛል። እኔ አውቃቸዋለሁ።"

"ፈርመዋል እኮ፣ አልጣሽዬ። አይዞሽ።"

ትሕትና የልጅቱን ጣቶች አንድ በአንድ ከክንዷ አላቀቀቻቸው።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አልጣሽ ሊበን አካባቢ፣ ዘመድ ቤት ተወስዳ ተዳረች። ትሕትና ይህን ስትሰማ ክስ መሠረተች። አልጣሽ ግን ችሎት ፊት ቆማ "ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነው" አለች፤ ቀና ብላም አላየቻትም። ዕድሜዋን የሚያስረዳ ሌላ ምስክር ጠፋና መዝገቡ ተዘጋ።

በዓመቱ፣ ግንቦት ላይ፣ ቄስ ሃይለ ሚካኤል ብቻቸውን መጡ። ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ትሕትና ሳይናገሩ ገባት።

"ሁለት ቀን አማጠች። በቃሬዛ ተሸክመን መኪና መንገድ ሳንደርስ..."

"ሕፃኑስ፣ አባ?"

"እሱም አልተረፈ።"

"ያን ጊዜ ለምን አላሰርሽኝም?" አሏት። "እኔ በለመድሁት ሄድሁ። አንቺ ግን ሕጉን ታውቂ ነበር። ይድሩኛል ብላ አልነገረችሽም?"

"ነግራኛለች።"

ይረግሙኛል ብላ አንገቷን ደፋች። እሳቸው ግን ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ።

"አርባዋ የፊታችን እሑድ ነው። ነይ።"

ቄሱ ቤት ሄደች። የአልጣሽ እናት የትሕትና ማንነት ሲነገራቸው ፊታቸውን አዞሩ። ማንም ተቀመጪ አላላትም። ትሕትና ጸሎቱ እስኪያልቅ ድረስ አጥሩ ሥር ቆማ አለቀሰች።