የሦስተኛው ኩሬ ቄጠማ

ዶርቃ የናሙና ጠርሙሷን እንደያዘች ሦስተኛው ኩሬ ዳር ክው ብላ ቆመች። ቄጠማው ሙልጭ ብሎ ታጭዷል። ከቆሻሻ ክምሩ ሥር የሚወጣውን ጥቁር ውሃ እንዲያጣራ ተክላ ሁለት ዓመት የለፋችበት ነው።

"ጋሽ ምትኩ! ማነው ያጨደው?"

ጥበቃው ፈገግ ብለው ከጥበቃ ቤታቸው ወጡ።

"እኔ ነኝ። ዛሬ ቅዳም ሹር አይደል? እናንተ ጴንጤዎች አታውቁትም እንጂ ቄጠማ በራስ ላይ የሚታሰርበት ቀን ነው። ልጄ በሰላም ብትገላገል የዘንድሮውን እኔ አቀርባለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። ማለዳ ለቤተ ክርስቲያን አስገባሁ።"

"ምን ነካዎት? መርዝ እኮ ነው!"

"እንዴት ተደርጎ? ያጸዳል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? በታች የሚወጣውን ውሃ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ኩልል ያለ ነው።"

"የሚጸዳውማ ውሃው ነው። ክምሩ ላይ ከተጣለው ባትሪ የሚወጣው የእርሳስ መርዝ የት የሚሄድ መሰለዎት? ቄጠማው ውስጥ ነው የሚቀረው። ሕፃን ያኝከዋል፣ የተረፈው ለበግ ይሰጣል!"

የጋሽ ምትኩ ፈገግታ ጠፋ። "ይሄን አልነገርሽኝም" አሉ ቀስ ብለው።

እውነታቸውን ነው። ለመጣ ጎብኚ ሁሉ ሰሌዳ አቁማ ስታስረዳ ከርማለች፤ ተክሉን ቀን ከሌት ለሚጠብቁት ሰው ግን "ውሃውን ያጸዳል፤ ከብት እንዳይገባ" ከማለት በቀር አንድ ቃል አልተነፈሰችም። የተማረ ሰው አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ ማስረዳት ያለበትን ሰው አጠገቡ አስቀምጦ ሩቅ ያያል። ዶርቃ አፈረች።

በባጃጅ ወደ ሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲከንፉ ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ነበር። እሷ ደግሞ ለመሥሪያ ቤቷ ምን ብላ እንደምትጽፍ ታስባለች። ጥበቃው ሳያስፈቅድ አጨደ ብትል የሚነካት የለም፤ እሳቸው ግን ይባረራሉ፣ በደብራቸውም ስማቸው ይጠፋል።

ደጀ ሰላሙ ጋ ሲደርሱ ቄጠማው ተከምሯል፤ ዲያቆናቱ ማደል ሊጀምሩ ነው።

"እባካችሁ አታድሉት! ከቆሻሻ ውሃ የበቀለ ነው!" ብላ ጮኸች።

ሕዝቡ አጉረመረመ። አንድ ቄስ መስቀላቸውን እንደያዙ ቀረብ አሉ።

"በዚህ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ያመጣው ማነው?"

ጋሽ ምትኩ ኮፍያቸውን አወለቁ። ጎረቤቶቻቸው ሁሉ እሳቸውን ያያሉ።

ዶርቃ ከፊታቸው ቆመች።

"ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አባ። እሳቸው ለስለታቸው ሲያጭዱት ምን እንደያዘ አያውቁም ነበር። የማውቀው እኔ ነኝ፤ አልነገርኳቸውም። ለመሥሪያ ቤቴም የምጽፈው ይህንኑ ነው።"