የማይቆጠሩት ፈረሶች

ማርቲ ስትደውል ገና ጫማዬን አላደረግኩም ነበር። «ለሊሴ፣ የፈረሶቹ ሊንክ አይከፈትም እኮ! ‹ገጹ አልተገኘም› ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ሚቲንግ አለን፤ ፈረሶቹን አንድ ላይ ካላሳየኋቸው አለቆቼ ሌላ ማኅበር ይመርጣሉ።»

ማርቲ እንግዳ ወደ እንጦጦ የሚያወጣ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ድርጅቱ ለመጪው ወቅት በሙሉ እንግዶቹን በፈረስ የሚያዞርለት ይፈልጋል። አባቴ አቶ ኢዶሳ ደግሞ ከእንጦጦ ማርያም ጀርባ ከጎረቤቶቻቸው ጋር በማኅበር ፈረስ ያከራያሉ። እርሻው ከቀረ ወዲህ ያሏቸው ፈረሶቹ ብቻ ናቸው። ዘንድሮ ግን ድርቆሽ ጠፋ፣ እንግዳም ሳሳ፤ ስለዚህ ቅዳሜ መጥቶ እንዲያያቸው አንድ ነጋዴ ቀጥረዋል። ይህን ሥራ ካገኙ አይሸጡም፤ ካላገኙ ይሸጣሉ። አባቴ ያለ ፈረስ ምን እንደሚሆኑ ማሰብም አልፈልግም።

«እስከ ዘጠኝ ይከፈታል» አልኳትና መሪ ሰፈር ያለው ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ዌብሳይቱን የሠራው የአክስቴ ልጅ ኦልያድ ነው፤ የምከታተለው እኔ ነኝ። እያንዳንዱ ፈረስ የራሱ ገጽ አለው። የቦራን ከፈትኩ፤ ጆሮውን አቁሞ ከፎቶው አየኝ። ጉራቻም አለ፣ ዳለቻም አለች። ሁሉንም ሰብስቦ የሚያሳየው ገጽ ግን የለም።

የዚህ በሽታ የመጀመሪያ መድኃኒት የታወቀ ነው። ዌብሳይቱ የአድራሻዎቹን ዝርዝር አንዴ ይይዝና፣ አዲስ ነገር ሲጨመር አልሰማሁም ይላል። እንዲሰማ፣ የአድራሻ ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ምንም ሳይነኩ «አስቀምጥ» የሚለውን መጫን ነው። ተጫንኩ። ገጹ አልተገኘም። ተጨማሪ ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ አጠፋሁ። አልተገኘም። በዚያው አድራሻ የተቀመጠ ሌላ ገጽ ይኖር እንደሆነ ፈለግኩ። የለም። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ ያን ጠዋት ምላጭ ቢያቀርቡልኝ እውጥ ነበር።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብዬ ኦልያድ የጻፈውን ኮድ ከፈትኩ። ፈረሶቹ የጋራ ማሳያ ይኑራቸው ወይስ አይኑራቸው የሚለውን የሚወስን አንድ መስመር አለ። «ፎልስ» ይላል፤ አይኑራቸው ማለት ነው። ገጹን ግን ባለፈው ወር በዓይኔ አይቼዋለሁ። እንግዲህ አልተበላሸም፤ ሰው ነው የዘጋው።

ደወልኩለት። «ኦልያድ፣ አርካይቩን፣ የጋራ ማሳያውን፣ አንተ ነህ ያጠፋኸው?»

ሳቀ። «ሶሪ፣ ለሊሴ። ጋሼ ኢዶሳ ናቸው አጥፋ ያሉኝ። አስምለውኛል፤ እኔ አልነካውም። እሳቸውን ጠይቂያቸው።»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! አንድ ቃል ቀይሬ መገላገል እችል ነበር፤ ጣቴም ቁልፉ ላይ ነበር። ግን አባቴ በትንሽ ነገር ሰው አያስምሉም፤ ፈረሶቹም የእሳቸው ናቸው። ላፕቶፔን አቅፌ ታክሲ ያዝኩ።

ስደርስ አባቴ ጋጡ በር ላይ ቆመው የቦራን ጋማ ያበጥራሉ።

«አባባ፣ የፈረሶቹን ገጽ ለምን አስዘጉት?»

«ማን ነገረሽ?»

«ኮዱ።»

«እሱም አፍ አለው?» አሉ፤ ማበጠራቸውን አላቆሙም። ከዚያ፣ «በላዩ ላይ ቁጥር ነበረበት» አሉኝ። «‹ይህን ያህል ፈረስ ተገኘ› ይላል። ከብት ተቆጥሮ አደባባይ ይወጣል እንዴ? ያገኘ ሁሉ በስልኩ ከፍቶ ሲቆጥራቸው፣ በሳምንቱ ዳማ ሞተ።»

«ዳማ እኮ ያረጀ ፈረስ ነበር።»

«አውቃለሁ። እኔም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ፤ ዓይን ያጠፋል ብዬ አላምንም።» ብሩሹን አወረዱት። «ግን አባቴም ቆጥረው አያውቁም። ከእንግዲህ ሌላ ፈረስ መቅበር አልችልም፣ ልጄ።»

ዳገቱን ስወጣ ያዘጋጀሁትን ክርክር ተውኩት። አንጀቴን በሉት። ቢሆንም ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ እኔም ባዶ እጄን ለመመለስ አልወጣሁም።

«ቁጥሩን ባጠፋውስ?»

«ከተደረደሩ ሰው መቁጠር ያቅተዋል?»

«አይደረደሩም። ገጹ በተከፈተ ጊዜ ሁሉ ቦታ ይቀያየራሉ። አንዴ ቦራ ፊት ይሆናል፣ አንዴ ጉራቻ።»

«መስክ ላይ እንደተሰማሩ ማለት ነው?»

«አዎ፣ እንደተሰማሩ።»

«እንደሱ ከሆነ ክፈቺው።»

ድርቆሽ ላይ ተቀምጬ ላፕቶፑን ከስልኬ ኢንተርኔት ጋር አገናኘሁ። መጀመሪያ ቁጥሩን አጠፋሁ። ቅደም ተከተሉን አዘበራረቅኩ። ከዚያ «ፎልስ»ን «ትሩ»፣ ማለትም ‹ይኑራቸው›፣ አደረግኩና ገጹን ከፈትኩት። ገጹ አልተገኘም።

«ምነው?» አሉ አባቴ ከኋላዬ ጎንበስ ብለው።

«አልሰማም። ደግመን እንንገረው።» ጠዋት ከንቱ የቀረውን መድኃኒት እንደገና ሰጠሁት፤ ምንም ሳልነካ «አስቀምጥ»ን ተጫንኩ። ዳለቻ ብቅ አለች። ቀጥሎ ቦራ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ። ሊንኩን ለማርቲ ላክኩላት።

ስብሰባው ላይ ሆና ደወለች፤ አባቴም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

«ወደውታል!» አለች። «ኮንትራቱ ላይ የሚሞላ አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው። ስንት ፈረስ አላችሁ?»

አባቴ አዩኝ።

«ማርቲ፣ እንግዶችሽን ቁጠሪያቸው» አልኳት። «ቆጥረሽ ንገሪኝ። አንድም ሰው በእግሩ አይሄድም።»

«ኧረ ለሊሴ፣ ቁጥር ያስፈልገኛል!»

«የእንግዶቹን ጻፊ። በዚያ ልክ እናቀርባለን፤ ቢጎድል ጎረቤት አለን። እፈርማለሁ።»

ከወዲያ ሹክሹክታ ተሰማኝ።

«እሺ፣ ይሁን ብለዋል» አለች በመጨረሻ።

አባቴ ስልካቸውን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ነጋዴው ጋ ደወሉ።

«ቅዳሜ አትምጣ» አሉት።

«ለሌላ ሸጧቸው እንዴ?» ሲል ይሰማኛል። «ስንቶቹ ቀሩ?»

አባቴ ወደ ጋጡ ዞር ብለው አዩ።

«ሁሉም አሉ» አሉትና ዘጉት።