እንቁላል የጣለው ሁለተኛው ጌታ

እንቁላሉን መጀመሪያ ያየው ዌንግ ኩይ ነው፤ ባላየው በወደደ። ከመላካ ወደብ በተነሡ በአምስተኛው ቀን ጠዋት የሰጎኖቹን ጋጣ ሊጠርግ ወርዶ፣ መጥረጊያውን ወደ ጥግ ሲሰድ አንድ ከባድ ነገር ገፋ። ጎንበስ ቢል የሕፃን ራስ የሚያክል ነጭ እንቁላል ድርቆሹ ውስጥ ተጋድሟል፤ ሙቀቱ እንኳ ገና አልለቀቀውም። ከአጠገቡ መርከበኞቹ ሁለተኛው ጌታ የሚሉት ሰጎን ቆሞ ቁልቁል ያየዋል። ዌንግ ኩይ እንቁላሉን አየ፣ ወፉን አየ፣ ደግሞ እንቁላሉን አየ።

"አንተ!" አለው በመጨረሻ። "ምን ጉድ ነው ያመጣህብኝ?"

ጉዱ እንዲህ ነው። ሁለቱ ሰጎኖች የባራዋ ሹም ለንጉሠ ነገሥቱ የላካቸው ግብር ናቸው። ከአፍሪካ ዳርቻ ሲጫኑ ሁለቱም ለጋ፣ ሁለቱም ቡናማ ነበሩ፤ ወንድ ይሁኑ ሴት ከመርከቡ ሰው የጠየቀ አልነበረም። የመርከቡ ጸሐፊ ፌይ የግብሩን ዝርዝር ሲያዘጋጅ ግን "ሁለት ወፎች" ብሎ መተው የሰማይ ልጅ ለሚባለው ንጉሠ ነገሥት አነሰበት። ብዕሩ ሲያሳክከው የማይችል ሰው ነውና "ሁለት ኃያላን ተባዕት የግመል ወፎች" ብሎ ጻፈ፤ ሰጎንን በአገራቸው የሚጠሩት እንዲህ ነው። ጠባቂው ዌንግ ኩይም ይመስክር ተባለ፤ አውራ ጣቱን ቀይ ቀለም ነክሮ ከሥሩ አተመ። ዝርዝሩ ታሸገ። የታሸገ የግብር ዝርዝር ደግሞ በመንገድ አይከፈትም፣ አይፋቅም፤ ዋና ከተማው ናንጂንግ ደርሶ ከዕቃው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከራል። ካልገጠመ የሚጠየቀው ባለ አሻራው ነው። በጉዞው መሀል አንደኛው ወፍ እየጠቆረ ሲሄድ እንኳ "ፀሐይ መታው" ብለው አለፉት።

ለዌንግ ኩይ ይህ የቀልድ ነገር አልነበረም። ከባሕር ወታደር ቤት የተወለደ ሰው ስለሆነ መርከቡ ሲጠራው እምቢ ማለት አይችልም። ሦስት ጊዜ ወደ ምዕራብ ውቅያኖስ ተጉዟል። ካገባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከሚስቱ ከጂንላን ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያደረበት ግን ተደማምሮ ስምንት ወር አይሞላም። በዚህኛው ጉዞ ቃል ተገብቶለታል፦ ወፎቹን በሕይወት፣ በዝርዝሩም መሠረት ካስረከበ ናንጂንግ በሚገኘው የመልእክተኞች ማረፊያ የጋጣ ኃላፊ ሆኖ ይቀራል፤ ሚስቱም ከአገራቸው ከቻንግሌ ትመጣለታለች። ካልገጠመ ግን ጀርባው ይገረፍና በሚመጣው የነፋስ ወራት እንደገና ወደ ባሕር ይጫናል።

እንቁላሉን በኮቱ ሸፍኖ ወደ ጸሐፊው ክፍል ሮጠ። ፌይ እንቁላሉን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ይሄ ምንድነው?"

"እንቁላል ነዋ።"

"የማን?"

"የሁለተኛው ጌታ።"

"ሁለተኛው ጌታ ወንድ ነው።"

"ሂድና ለራሱ ንገረው!"

"ዝርዝሩ ላይ ወንድ ተብሏል፤ ታሽጓል እኮ!"

"ወፉ ማንበብ አይችልማ፣ አንተ ሰውዬ!"

ፌይ ጥፍሩን እየበላ አሰበ። መጀመሪያ የመጣለት መላ የፈሪ መላ ነበር። "ሌላ እንቁላል ሳይጥል ወደ ባሕር ብንወረውረውስ? እንስሳ በመንገድ ይሞታል፤ እኔ አንድ መስመር ነው የምጽፈው።"

"እሱ ከሞተ የኔም ቦታ አብሮ ሞተ" አለ ዌንግ ኩይ። የቀረውን ለመናገር አፈረ። ያን ወፍ ሁለት ዓመት ያህል በእጁ ጎመን አጉርሶታል። ማዕበል ሲበረታ ወፉ ረጅም አንገቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሱም እያባበለ አብሮት ይንቀጠቀጥ ነበር። "የሚወረወር ካለ አንተ ነህ" አለ ብቻ።

ፌይ ትንሽ ቆይቶ ብድግ አለ፤ ዓይኑ በርቷል። "አገኘሁት! ተአምር ነው እንላለን! ከንጉሠ ነገሥቱ ቸርነት ብዛት የተነሣ ወንዱ ወፍ እንኳ እንቁላል ጣለ! እንዲያውም ግጥም ጨምሬበት..."

ዌንግ ኩይ ዘሎ አፉን አፈነው። "አብደሃል? እኛ መንደር ሴት ዶሮ እንደ አውራ የጮኸች ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ትታረዳለች። የቤቱ ራስ ሊገለበጥ ነው ይባላላ! እና ወንዱ እንቁላል ከጣለ የማን ቤት ሊገለበጥ ነው? ቤተ መንግሥት ደጃፍ ቆመህ ይሄን ልታወራ ነው?"

ፌይ ሳይታወቀው አንገቱን ዳበሰ። ግጥሙም እዚያው ቀረ።

ሁለቱም ተያይዘው ወደ ባራዋው መልእክተኛ ወደ ሐጂ ኑር ሄዱ። ሐጂ ኑር ጥላ ሥር ተቀምጠው ተምር ይበላሉ። በሁለት ዓመት የባሕር ኑሮ ቋንቋውን ከመርከበኞቹ ለምደውታል፤ ስድቡ አብሮ ገብቶባቸዋል እንጂ መልካም ይናገራሉ።

"ሐጂ፣ ሁለተኛው ጌታ ሴት መሆኗን ያውቁ ነበር?"

"እንዴታ! እኛ አገር ሕፃን ያውቃታል።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩንም?"

"ማን ጠየቀኝ? ያን ጊዜ አስተርጓሚያችሁ ሁለት ወር ሙሉ ሲያስመልሰው ነበር። ኋላማ ጌታ ጌታ ስትሏት የአገራችሁ ልማድ መስሎኝ ዝም አልኩ። የሰው ልማድ አይነቀፍም ብዬ።" እንቁላሉን ተቀብለው መዘኑት። "ደግ ነው። ጥበሱት።"

ጠበሱት። የመርከቡ ወጥ ሠሪ በነጭ ሽንኩርት አድርጎ አሥራ ሁለት ሰው አበላበት። ሁለተኛው ጌታ ግን በአንድ አላበቃችም፤ በየሁለት ቀኑ ሌላ ትጥላለች። ምስጢሩን የሚያውቀው ሰው በየቁርሱ እየጨመረ ሄደ፤ በበላ አፉ ሊያወራ የደፈረ ግን አልተገኘም። ናንጂንግ ሲደርሱ እንቁላሉ ሃያ ሁለት ሞልቶ ነበር። ከዌንግ ኩይ በቀር የመርከቡ ሰው ሁሉ ወፍሯል።

ከመርከብ ሲወርዱ ግርግሩ ያስደነገጣት ይመስል መጣሏን አቆመች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን ምንም የለም። ዌንግ ኩይ በማረፊያው ጋጣ ድርቆሹን እያገላበጠ ባዶ ባገኘ ቁጥር እፎይ ይላል። "እሰይ የኔ ልጅ፣ ያዝ አድርጊው" ይላታል። "ግብሩ የሚቀርብበት ቀን እስኪያልፍ ብቻ። ከዚያ በኋላ እንደ ፈለግሽ።"

ግብር ከመቅረቡ በፊት ግን ልምምድ አለ። መልእክተኛም ሆነ እንስሳ ጎታች የሰማይ ልጅ ፊት ከመቆሙ በፊት ሦስት ቀን በመለማመጃው ግቢ ሰልፉን፣ መንበርከኩን፣ ግንባርን መሬት ማስነካቱን ያጠናል። አስጠኚው የሥርዓት ሹሙ አቶ ያን ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ድምፃቸው ግን ገና ጣሪያ ያነቃንቃል። በአምስተኛው ስግደት ላይ ያሳለውን መልእክተኛ እስካገሩ ድረስ መልሰውታል ይባላል። በዚያን ጠዋት ደግሞ የባራዋን ዝርዝር እያገላበጡ፣ ፊታቸውን አኮሳትረው፣ ያገኙትን ሁሉ ይቆጡ ነበር። ዌንግ ኩይ ያን ፊት አይቶ የወፎቹን ገመድ አጥብቆ ያዘ።

"ተንበርከኩ!" አሉ አቶ ያን።

ሐጂ ኑር ተንበረከኩ፤ ተከታዮቻቸው ተንበረከኩ፤ ዌንግ ኩይም የሁለቱን ወፎች ገመድ እንደ ያዘ ተንበረከከ። ሁለተኛው ጌታም ጉልበቷን አጥፋ፣ ክንፏን ዘርግታ፣ አንገቷን ወደ ፊት ሰድዳ ተንበረከከች። ግቢው በአድናቆት ተንጫጫ። የዘብ ወታደሮቹ ሳይቀሩ "ወፉ ሰገደ!" ተባባሉ። ዌንግ ኩይ ግን ያን አቀማመጥ፣ ያን የዓይን መስለምለም በመርከቡ ላይ ደጋግሞ አይቶታልና ምን እንደሚመጣ ገባው።

"ተነሡ!"

ሁሉም ተነሣ። እሷ አልተነሣችም። ገመዱን ሳብ አደረገ፤ ምንም። "ኧረ በእናትሽ" አላት በሹክሹክታ፤ አልሰማችውም። አቶ ያን ጫማቸውን እያንኳኩ መጡና ከፊቱ ቆሙ።

"ምን ሆኖ ነው የማይነሣው?"

ከኋላው ፌይ በሳል ምልክት ይሰጠዋል። "ታሟል በል" ማለቱ ነው። ታሟል ቢልስ? ዛሬን ያልፋል። ከነገ ወዲያ ደግሞ ይሄው ነገር በዙፋኑ ፊት ይመጣል፤ ያን ጊዜ ጅራፍም አይበቃው። ጂንላን ትዝ አለችው። በመጨረሻ የተለያዩ ቀን ወደብ ድረስ ሸኝታው ያላለቀሰችው ትዝ አለው፤ ለቅሶው ሰልችቷት ነበር። ቦታውን የሚያጣው ከሆነ በውሸት ላይ ውሸት ጨምሮ ከሚያጣው እንዲሁ ይጣው። ግንባሩን ድንጋዩ ላይ ደፋ።

"ጌታዬ፣ ወንድ አይደለችም። ሴት ናት። በዝርዝሩ ላይ ወንድ ናት ብዬ አሻራዬን ያተምኩት እኔ ነኝ። አሁን የማትነሣው እንቁላል እየጣለች ስለሆነ ነው።"

ሁለተኛው ጌታ አንዴ ተንጠራራችና ብድግ አለች፤ እንቁላሉ በንጣፉ ድንጋይ ላይ እየተንከባለለ ሄዶ ከአቶ ያን ጫማ ሥር ቆመ።

ሽማግሌው እንቁላሉን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። "ሴት ናት?"

"ሴት ናት ጌታዬ።"

"ጥቁሩስ?"

"እሱ ወንድ ነው።"

"እርግጠኛ ነህ? ሌላም ጊዜ ጥላለች?"

"ሃያ ሁለት ጊዜ። ሁሉንም... በልተነዋል ጌታዬ።"

አቶ ያን ሰማዩን ቀና ብለው አይተው ተነፈሱ፤ ከዚያ ያ የተኮሳተረ ፊት ማንም አይቶት በማያውቅ ሳቅ ተፈታ።

"ይሄ ዝርዝር እጄ ከገባ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም! ለሰማይ ልጅ የሚሰጥ እንስሳ ጥንድ መሆን አለበት፤ ተባዕትና እንስት፣ ሙሉ! ሁለት ወንድ ምን ሊሆን ነው? ግማሽ ግብር፣ ጎዶሎ ግብር! ሰውየው ሁለት ዓመት በባሕር መጥቶ እንዴት ተመለስ እለዋለሁ እያልኩ ስብሰለሰል ነበር። የመመለሻውን ደብዳቤ ዛሬ ማታ ልጽፈው ነበር እኮ!" ዞር አሉ። "ማነው 'ኃያላን ተባዕት' ብሎ የጻፈው?"

ፌይ ከዓምድ ጀርባ ገብቶ ነበር፤ ወታደሮቹ በትህትና አወጡት።

"ዝርዝሩን እኔ አርመዋለሁ፤ በዚህ ግቢ ሥልጣኑ አለኝ" አሉ አቶ ያን። "ሕግ ግን ሕግ ነው። በማያውቀው ነገር ላይ ላተመ አውራ ጣት፣ አሥር የቀርከሃ ምት። ለዚህ ለባለ ቅኔው፣ ሃያ።"

"እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ!" አለ ዌንግ ኩይ። ለግርፋት እንዲህ ከልቡ ያመሰገነ ሰው በዚያ ግቢ ታይቶ አይታወቅም።

አቶ ያን ብሩሽ አስመጥተው እርማቱን ጻፉ፤ ቀጥሎም የማረፊያውን የሠራተኞች መዝገብ ገለጡ። "የጋጣ ኃላፊ ዌንግ ኩይ፣ አንድ ነፍስ" ብለው አነበቡና ቅንድባቸውን ሰበሰቡ። "ሚስት የለህም?"

"አለችኝ ጌታዬ። ቻንግሌ ናት። ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት ሆነን።"

"ደግ፤ ዘጠኝ ዓመት አብሮ መኖር ቀላል አይደለም።"

"አብረን የኖርነው ስምንት ወር ነው ጌታዬ።"

ሽማግሌው ብሩሹን እንደገና ቀለም ነከሩ። "ከኔ እጅ ጎዶሎ ዝርዝር አይወጣም" አሉና "ሁለት ነፍስ" ብለው ጻፉ፤ በመንግሥት ጀልባ፣ ሳይዘገይ ትምጣ የሚል ማዘዣም ጨመሩበት።

ጂንላን የመጣችው በሃምሳኛው ቀን ነው። ወፎቹ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ አትክልት ስፍራ ተወስደው፣ የዌንግ ኩይም መቀመጫ ከግርፋቱ ድኖ ነበር። እሱ የግመል ጋጣ ሲጠርግ አንዲት ፀሐይ ያጠቆራት ሴት ጥቅልል በጀርባዋ አዝላ በሩ ላይ ቆመች።

"በወንዙ ላይ ሁሉ የሚወራለት የወፍ አዋላጅ አንተ ነህ?" አለች።

ሊላት ያዘጋጀው ብዙ ነገር ነበር። እሱ ግን መጥረጊያውን ጥሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። እሷ ግን በቀልዱ ጀምራ በቀልዱ ልትጨርስ ፈልጋ ነበር። "በል ተው፤ ግመሎቹ ያዩሃል" አለችና በእጅጌዋ ፊቱን ጠረገችለት። ከዚያ ዓይኗን ወደ መሬት መልሳ፣ እሱ ከባሕር በመጣ ቁጥር ደጃፍ ላይ የምትጠይቀውን ጠየቀችው።

"መቼ ነው የምትሄደው?"

"አልሄድም።"

ያልሰማች መሰለች። "ስንቅህን ከአሁኑ ላዘጋጀው ብዬ ነው። በመጪው ነፋስ ነው ወይስ በሚቀጥለው?"

"ጂንላን፣ አልሄድም። ቤታችን እዚህ ነው።"

ጥቅልሏን ቀስ ብላ አወረደችና እዚያው በር ላይ ተቀመጠችበት፤ ለረጅም ጊዜም አልተነሣችም።