እንደ ወትሮው

«የተያዘው ለሦስት ሰው ነው» አለች የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ጣቷን መዝገቡ ላይ አድርጋ። «ባል፣ ሚስት፣ አንድ ልጅ።»

ዞር ብዬ ማየት ፈራሁ። ከኋላዬ ባለቤቴ፣ ልጄና የእህቴ ልጅ ሻንጣቸውን ይዘው ቆመዋል። እኔን ሲጨምር አራት ነን፤ ይህን ለመቁጠር ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

«ግድ የለም» አለች የእህቴ ልጅ፣ ማንም ሳይጠይቃት። «እኔ ወንበር ላይ እተኛለሁ።»

ይህች «ግድ የለም» የምትለው ቃል ናት አንጀቴን የምትበላው። እናቷ፣ ታናሽ እህቴ፣ ካረፈች ሰባት ወሯ ነው። ልጅቷ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ቤቴ ስትገባ ሦስት መሳቢያ ባዶ አድርጌ ሰጠኋት፤ ሦስቱም እስከ ዛሬ ባዶ ናቸው። ልብሷን አጥባ፣ አጣጥፋ፣ መልሳ ሻንጣዋ ውስጥ ትከተዋለች፤ ነገ ማለዳ እንደሚሄድ እንግዳ። በረደሽ ወይ ስላት ግድ የለም። ምን ልሥራልሽ ስላት ግድ የለም፣ ያለው ይሁን። ልብስ ሰፊ ሆኜ ሳለ አንድ ቀሚስ እንኳ እንድለካት አልፈቀደችልኝም፤ «ያለኝ ይበቃኛል» ትላለች። ልጄ «እመት ግድ-የለም» የሚል ስም አውጥቶላታል። እሱም ራሱ ከስም አላመለጠም፤ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ዘንድሮ ብቻ ሱሪውን ሦስት ጊዜ አስረዝሜለታለሁና ቤት ውስጥ የምንጠራው ቀውላላው ብለን ነው።

እኔ ደግሞ ስደነግጥ የምቆጣ ሰው ነኝ። ሌላው ሰው ሲደነግጥ ዝም ይላል፤ እኔ እጮሃለሁ።

«እንዴት ያለ ሥራ ነው ይሄ?» አልኩ። «ሰው ቆጥሮ መጻፍ አቃታችሁ? በየዓመቱ የምንመላለስ ደንበኞች አይደለንም?»

እንግዳ ተቀባይዋ አልተቆጣችም። መነጽሯን ከፍ አድርጋ፣ «ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ እመቤት» አለች። «‹እንደ ወትሮው ይሁንልን› ነበር ያሉኝ። የወትሮውን ገልጬ አየሁ፤ ሦስት ነው።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉ የለ። ያኔ ትዝ አለኝ። የደወልኩት ሥራ ላይ ሆኜ ነው፤ አንድ እጄ የስፌት መኪናው ላይ፣ ስልኩ በትከሻዬና በጆሮዬ መሀል፣ ዐይኔ የሙሽራ ቀሚስ ላይ። እንደ ወትሮው አልኩና ዘጋሁት። አምስት ዓመት ሙሉ ያልኩት ይህንኑ ነው። አሁን ጥፋቱ የማን እንደሆነ እያወቅሁ፣ ዐይኔን በጨው አጥቤ፣ «ቢሆንስ፣ መጠየቅ አይገባም ነበር?» ብዬ ጨመርኩላት። የእህቴ ልጅ ጫማዋን እያየች ነበር። ሁሉንም ሰምታለች።

ሆቴሉ ሞልቷል፤ ሌላ ክፍል የለም። የክፍሎች ኃላፊዋ ተጠራች፤ ደልደል ያለች፣ የቁልፍ ዘለላ ወገቧ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት።

«ክፍሉ ውስጥ ሲስቡት አልጋ የሚሆን ሶፋ አለ» አለች። «ዕቃ ቤት ደግሞ አንድ ታጣፊ አልጋ ቀርታኛለች። ግን ከበሩ እስከ መስኮቱ ሰው የሚያልፍበት መንገድ ክፍት መሆን አለበት። እሳት ቢነሳ እናንተን እየዘለልኩ አልወጣም።»

ባለቤቴና ቀውላላው አልጋውን ሊያመጡ ከእሷ ጋር ሄዱ። እኔና ልጅቷ ወደ ክፍሉ ወጣን። እንደገባች ከበሩ አጠገብ ያለችው የእንጨት ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፣ ሻንጣዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።

«አስቀምጪው እንጂ ሻንጣውን።»

«ግድ የለም፣ አይከብድም።»

ፊት ለፊቷ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ጥፋቱን በዚያች ምስኪን እንግዳ ተቀባይ ላይ ላላክክ እችል ነበር፤ ጀምሬውም ነበር። ግን የልጅቷን ጉልበትና ሻንጣውን ሳይ አፈርኩ።

«ስሚኝ» አልኩ። «የደወልኩት እኔ ነኝ። ሦስት ያስባልኩት እኔው ነኝ። አልረሳሁሽም ብልሽ ውሸት ነው። ለዚያች ደቂቃ ረስቼሻለሁ። አፌ የለመደውን ተናገረ።»

የሻንጣዋን ዚፕ ትንሽ ከፈት፣ ትንሽ ዘጋ ታደርጋለች። አሁን ግድ የለም ካለችኝ እዚሁ ልቤ ቀጥ ይላል ብዬ ጠበቅሁ።

«እኔም እረሳለሁ፣ አክስቴ» አለች።

«ምኑን?»

«እማዬ መሞቷን። ጠዋት ስነቃ ‹እማ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?› እላለሁ። ጮክ ብዬ። ከዚያ ነው ትዝ የሚለኝ።» ቀና ብላ አየችኝ። «አፍ ይለምዳል።»

እኔ ላጽናና የመጣሁት፣ የተጽናናሁት እኔ ሆንኩ። እጇን ያዝኩ፤ አልነጠቀችኝም። ከዚያ በላይ ለመናገር ጊዜም አላገኘንም፤ ታጣፊ አልጋው ደረጃውን እየደበደበ መጣ፣ ከበስተኋላው የባለቤቴ ድምፅ።

ባለቤቴ መኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ተማሪ ከጎኑ ኖረም አልኖረ ያስተምራል። ታጣፊ አልጋው ሲዘረጋ በሩ አልከፈት አለ፤ ወደ ቁምሳጥኑ ሲጠጋ ደግሞ የቁምሳጥኑ በር ታፈነ። ስለዚህ ትልቁን አልጋ ግድግዳ ማስያዝ ግድ ሆነ። እሱ መሀል ቆሞ ሁለት እጁን ወደ ራሱ ያወናጭፋል።

«ና ወደ ኋላ… ና… ትንሽ ወደ ግራ… ፍሬን! ፍሬን ያዝ!»

«አባዬ፣ አልጋ እኮ ነው» አለ ቀውላላው እያለከለከ።

«አልጋም ይጋጫል» አለ አባቱ።

ኃላፊዋ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ሳቀች። እኔ ከቦርሳዬ ሜትሬን አወጣሁ፤ ሰው መነጽሩን እንደሚይዝ እኔ ሜትር ሳልይዝ ከቤት አልወጣም። መተላለፊያው ሰማንያ አምስት ሳንቲሜትር ተረፈው። ኃላፊዋ በራሷ ወገብ ፈተነችውና አለፈች። «እኔ ካለፍኩ ሁሉም ያልፋል» ብላ አንሶላ ልታመጣ ወጣች።

ሶፋው መስኮቱ ሥር ነው፤ የአትክልቱ ቦታ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት፣ የክፍሉ ጥሩ ቦታ። ስቤ ዘረጋሁትና ለካሁት፦ አንድ ሜትር ከሰባ አምስት። ከዚያ ሳላስበው፣ የሥራ ልማድ ሆኖ፣ ወደ ልጅቷ ዞርኩ።

«እስቲ ቁሚ።»

ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠችና ቆመች። ተረከዟን ግድግዳ አስደግፌ እስከ አናቷ ለካኋት። በሰባት ወር የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት።

«ዐሥራ ሰባት ሳንቲሜትር ይተርፍሻል» አልኳት። ቀውላላውን መለካት አላስፈለገኝም፤ አንድ ሜትር ከሰማንያ አራት መሆኑን ሱሪዎቹ ነግረውኛል።

እሱ ግን አልሰማም። አልጋ ስጎትት ደከመኝ ብሎ፣ በአምስት ዓመት ልማዱ፣ ሶፋው ላይ ዘፍ አለ። እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ውጭ ቀረ።

«ይሄ የኔ ቦታ ነው» አለ ዐይኑን ጨፍኖ።

አፌን ከፈትኩ። ባለቤቴ ክርኔን ነካ አደረገና፣ «አንቺም ፍሬን ያዢ» አለኝ በሹክሹክታ። ሁላችንም ያቺን ቃል ጠበቅን። ልጅቷ እየተንጠለጠሉ ያሉትን እግሮች አየች፣ የእንጨት ወንበሩን አየች፣ እኔን አየች።

«ተነስ» አለች።

ቀውላላው አንድ ዐይኑን ገለጠ። «ምን?»

«ተነስልኝ። ተለክቷል እኮ! አንተ ትተርፋለህ፣ እኔ ልኬ ነው። የአንተ ያውልህ፣ ታጣፊው።»

«ግድ የለም አትይም እንዴ?»

«አልልም!» አለችና ትራሱን ከጭንቅላቱ ሥር መንጭቃ ሳበችው። ጭንቅላቱ ሶፋው ላይ ጧ አለ። «ደግሞ የቁምሳጥኑ የላይኛው መሳቢያ የኔ ነው፤ ካልሲህን እንዳታስገባብኝ!»

ባለቤቴ ሊገላግል ሲራመድ እጁን ያዝኩት። «ተዋቸው!» አልኩት። ሻንጣዋ መሬት ላይ ተከፍቶ፣ ቲሸርቶቿ አንድ በአንድ መሳቢያ ውስጥ ሲገቡ እያየሁ መቆም ስላልቻልኩ ወደ ታች ወረድኩ።

እንግዳ ተቀባይዋ ስታየኝ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ሌላ ቁጣ የመጣባት መስሏት።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ የኔ ልጅ» አልኳት። «ጥፋቱ የኔ ነበር። አፌን በከንቱ ከፈትኩብሽ።»

«ኧረ ምንም አይደል።»

«ይሄን መዝገብ ግን አስተካክዪልኝ። አራት በዪው። የሚመጣው ዓመትም ደውዬ እንደ ወትሮው ካልኩሽ፣ ወትሮ ማለት አራት ነው።»

እስክሪብቶዋን አንስታ ሦስቱን ሰረዘች፤ አራት ጻፈች። አዙራ አሳየችኝ። ልክ በዚህ ጊዜ ከላይ፣ በተከፈተው በር፣ ደረጃውን ይዞ የሆቴሉን አዳራሽ የሞላ ጩኸት ወረደ።

«አክስቴ! አክስቴ! ይሄን ቀውላላ ልጅሽን ንገሪው፣ እግሩን ትራሴ ላይ አድርጎታል!»

ሻይ የሚጠጡት እንግዶች ሁሉ ቀና አሉ። እንግዳ ተቀባይዋ ወደ ጣሪያው አየች፣ ወደ እኔ አየች።

«እየተጣሉ ነው መሰለኝ?» አለች ተጨንቃ።

«አዎ» አልኳት፣ ዕንባዬን በመዳፌ እየጠረግሁ። «ተመስገን ነው።»