የተከረከሙት ቅጾች

አባላቱ ቢሰበሰቡ አንድ ሚኒባስ የማይሞሉ ፓርቲ ነው፤ ለፕሬዚዳንትነት ያቀረበው እጩ ደግሞ መጽሐፍ ጠራዥ። ያም ሆኖ ሰውየው ጫማው እስኪያልቅ ዞሮ ሦስት ሺህ የድጋፍ ፊርማ አሰባስቧል። በምዝገባው የመጨረሻ ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በቀይ ጨርቅ የተጠረዙትን ስልሳ ቅጾች ደረቱን ነፍቶ ለምርጫ ጸሐፊዋ ሰጣት።

ገለጥ ገለጥ አደረገችና፣ «ጋሼ፣ የቅጾቹ ቁጥር የታለ?» አለችው።

በየቅጹ ግርጌ የታተመው ቁጥር የለም። ጠርዙ እንደ አዲስ መጽሐፍ ተከርክሟል። ጠራዡ ክው አለ።

«ያለ ቁጥር አልቀበልም። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ እዘጋለሁ።»

ቅጾቹን ይዞ እየሮጠ መጠረዣ ሱቁ ደረሰ። ሚስቱ የወረቀት መቁረጫው አጠገብ ነበረች። ቅጾቹን የጠረዘችው እሷ ናት፤ «ይቅርብህ፣ መሳቂያ ታደርገናለህ» ስትለው የከረመችውም እሷው።

«ሆን ብለሽ ነው?» አላት።

በሃያ ዓመት ትዳራቸው እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ፊቷ ልውጥ አለ። ከጠረጴዛው ሥር ቁጥሮቹ ያሉበትን፣ በክር የታሰረ የወረቀት ቁርጥራጭ አወጣች። ለዕልባት ይሆናል እያለች፣ መቁረጫው የጣለውን ሁሉ ቅደም ተከተሉን ሳታዛንፍ ማሰር ልማዷ ነው።

ከመጨረሻው ቅጽ ጀመሩ። እሷ ሙጫ ትቀባለች፣ እሱ ይለጥፋል። አስር ሰዓት አለፈ። ቸኩሎ አንዱን ሲያጣምም ቀማችውና አቃናችው።

በመጨረሻ ቅጽ ቁጥር አንድ ላይ ደረሱ። ይህ የሱቁ ባንኮኒ ላይ ደንበኞች እንዲፈርሙበት የተቀመጠው ነው፤ እሱ አንድም ቀን አንብቦት አያውቅም። የመጀመሪያው መስመር ላይ የሚስቱ ፊርማ አለ። ቀኑም እሱ ገና ማንንም ፈርሙልኝ ያላለበት ቀን ነው።

ቀና ብሎ አያት።

«ሙጫው አልደረቀም፣ እንዳታጥፈው» አለችው።

ለአስራ አንድ አስር ደቂቃ ሲቀረው አብረው የጸሐፊዋ መስኮት ጋ ቆሙ። ጸሐፊዋ የተለጠፈውን በጣቷ ዳሰሰችና መዝገብ ከፈተች።

«ማን ነው የቆረጠው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሚስቱ። «እጄ የለመደውን ሠራ።»

«ሆን ብለው ነው?»

«እሱን ጠይቂው።»

ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ይቆጥራል።

«በስህተት ነው» አለ ጠራዡ። «ሰው ፊት እንዲያምርልኝ ብላ ነው። እኔ ነኝ የበደልኳት።»

ጸሐፊዋ «በስህተት ነው» የሚለውን ብቻ መዝገቡ ላይ ጻፈችና ቅጾቹ ላይ ማኅተሙን መታች።