እጣቢ ለእንግዳ

የሀናን የሱፍ ምንጣፍ ቤት ኮምቦልቻ ውስጥ ካሉት ሁሉ ትንሹ ነው። በዋጋ ከትልልቆቹ ጋር መጋፋት እንደማያዋጣት ስታውቅ፣ በንጽሕና ልትበልጣቸው ቆረጠች። ሱፉ የታጠበበትን ቅባታም ውሃ እንደ ሌሎቹ ዝም ብላ ወደ ቦይ አትለቅም፤ ጠጠርና አሸዋ በተሞሉ ጉድጓዶች አጥልላ ነው የምታወጣው። ጎረቤቶቿ «ለእጣቢ ቤት ሠራችለት» እያሉ ሳቁባት። ይሳቁ! ደሴ ላይ የሚከፈት ሆቴል የግዢ ኃላፊ አቶ ወርቅአፈራሁ ይህንኑ ሰምተው ሊያዩ ሊመጡ ነው። ማጣሪያው በእርግጥ እንደሚሠራ ካመኑ የሆቴሉ ምንጣፍ ሁሉ የእሷ ነው፤ ካላመኑ ግን ግማሹን ሠራተኛ ማሰናበቷ ነው።

የምንጣፍ ናሙና ለማሳየት ደሴ ሰንብታ በቀጠሮው ጠዋት ስትመለስ፣ ግቢው ለዒድ የተሰናዳ ይመስላል። የእጥበቱ አለቃ ጋሽ እንድሪስ ደረታቸውን ነፍተው ጠበቋት። እንግዳ ሲመጣ ቆሻሻ ማሳየት ነውር ነውና፣ እጥበቱን ከሦስት ቀን በፊት አስቁመው፣ ጉድጓዶቹን አስጠርገው የቧንቧ ውሃ ሞልተውባቸዋል።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ምን ጉድ ሠሩኝ!» አለች ጭንቅላቷን ይዛ።

«ምን አጠፋሁ ልጄ? ወላሂ፣ እንግዳ እጣቢ ይይ ነው የምትዪኝ?»

ይህን ሲሉ የእንግዳው መኪና በር ላይ ቆመ።

አቶ ወርቅአፈራሁ ጎንበስ ብለው ጉድጓዶቹን አዩ። ውሃው ፊት ያሳያል።

«ይህ የቧንቧ ውሃ ነው» አሉ። «ለጉብኝት ብቻ የሚሠራ ማጣሪያ ብዙ አይቻለሁ።»

ሀናን የሆነውን ነገረቻቸው። እውነቱ ራሱ ውሸት ይመስል ነበር። እሳቸውም ሊሄዱ የመኪና ቁልፋቸውን አወጡ።

ይህን ጊዜ እትዬ ቡዜ ማጭዳቸውን እንደያዙ ገቡ። ከቦዩ ግርጌ ያለችው ማሳ የእሳቸው ናት፤ አምና፣ ማጣሪያው ሳይሠራ፣ ሳሙናማው ውሃ ሳራቸውን አቃጥሎባቸው ሀናንን ቀበሌ ድረስ ከሰዋት ነበር። ከድጡ ወደ ማጡ፣ አለች ሀናን በልቧ።

«አሰላሙ አለይኩም! አፊያ ናችሁ?» ሰላምታቸው እንኳ ቁጣ ነበረው። «አንቺ ሀናን፣ በአላህ፣ ምን በደልኩሽ? ውሃሽን ለምን ዘጋሽብኝ? ሳሬ ጠወለገ፤ ላሚቱ ምን ትብላ?»

አቶ ወርቅአፈራሁ ዞሩ። «እናቴ፣ ከዚህ በሚወጣው ውሃ ነው ሳር የሚያጠጡት?»

«ታዲያስ! ዱሮ ሲመጣ ነበር የምጮኸው፤ ዛሬ ሲቀር ነው የምጮኸው።»

ሰውየው ሳቃቸው አመለጣቸው። ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ማሳውን ሊያዩ እትዬ ቡዜን ተከተሉ። ሲመለሱ ሱሪያቸው ላይ የሳር ቅጠል ተጣብቋል።

«የመጀመሪያውን ምንጣፍ መቼ ታደርሱልኛላችሁ?»

ሀናን ወደ እጥበቱ አለቃ ዞረች። «ጋሽ እንድሪስ፣ እጥበቱን ያስጀምሩ» አለች።

ጋሽ እንድሪስ አስጀመሩ። እንግዳ ፊት እጣቢ መልቀቅ ግን አሁንም አልዋጥ ብሏቸው፣ ፊታቸውን አዙረው ነበር።